ፍራሽ ላይ የተመታው ማህተም

ተዋበች ይህ ጉዞ እንደማያምር ያወቀችው ገና ቦርሳውን ስታይ ነው። ቦርሳ ይሉታል እንጂ ቦርሳ አይደለም። ከልጅቷ ጭንቅላት በላይ የሚያልፍ፣ ማሰሪያው የበዛ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይዞረው ጉድ ነው። ልጇ ሀሌሉያ ይህን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ብቻዋን፣ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ኬንያ ልትሻገር ነው። ለሥራ ቢሆን፣ ለትምህርት ቢሆን፣ ለጠበል እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የምትሄደው ለማየት ነው።

«ምኑን ነው የምታዪው?» ብላ ተዋበች መቶ ጊዜ ጠይቃታለች።

«ኦሞ የሚያልቅበትን» ትላለች ሀሌሉያም መቶ ጊዜ። «ስድስት ዓመት ጂንካ ላይ ጂኦግራፊ አስተማርኩ። በየዓመቱ ጠመኔ ይዤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይገባል እላለሁ። ባለፈው አንድ ተማሪ ተነስቶ ‹ቲቸር፣ አይተሽዋል?› አለኝ። አላየሁትም።»

«አይቼዋለሁ ብትዪው ምን ነበረበት!»

ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ እዚያ ኢሚግሬሽን ቢሮ ፓስፖርቷ ላይ የመውጫ ማህተም ታስመታለች፣ ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ዕቃ ጭኖ ወደ ኬንያ በሚሻገረው ፒካፕ ትሳፈራለች። ፒካፑ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚሄደው። ሐሙስን ያጣ ሰው ሌላ ሐሙስ መጠበቅ አለበት፤ የሀሌሉያ እረፍት ደግሞ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ዛሬ አስር ሰዓት ካለፈ ጉዞው የለም።

ተዋበች «እስከ ድንበሩ ልሸኝሽ» ብላ ተነሳች። አፏ መሸኘት ይበል እንጂ ሆዷ የያዘው ሌላ ነበር። እዚያ እስኪደረስ አንድ ነገር መበላሸቱ አይቀርም፤ ሲበላሽ አጠገቧ ሆና ልጇን ይዛ ትመለሳለች።

መበላሸቱም ገና መናኸሪያው ላይ ጀመረ። አስራ ሁለት ሰዓት ይወጣል የተባለው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖም እዚያው ቆሟል። ሾፌሩ ሕዝቅኤል መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በመስኮት ሰው ይጠራል።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምንወጣው?» አለችው ተዋበች።

«አሁን ነው ማዘር። ሞልቷል።»

«የሞላ አውቶቡስ ሰው ይጠራል እንዴ?»

«ሞልቷል ማዘር፤ ግን አልተጠጋጋም።»

ተጠጋጉ። አጠገቧ የተቀመጠው ቦሼ የሚባል ቱርሚ ወራጅ ነጋዴ ነበር፤ ከአሪ በኩል ያመጣውን አንድ ጆንያ ጎደሬ እግሯ ሥር አስገባና የእሱን እግር ጆንያው ላይ ሰቀለ። ከዚያ መተላለፊያው ላይ የቆመውን የሀሌሉያን ቦርሳ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ቤት ነው?» አለ።

«ቦርሳ ነው» አለችው ሀሌሉያ እየሳቀች።

«ቤት ነው። በር ብቻ ነው የቀረው።» ወደ ተዋበች ዞረ። «ልጅሽ ፈረንጅ አግብታ ነው?»

«ምንም አላገባችም» አለች ተዋበች። እሱም ሌላው ብሶቷ ነው።

ቀይ አፈርን ካለፉ በኋላ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ተዋበች ግን «ይኸው!» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ስለነበረ ሀሌሉያ ዞር ብላ አየቻት። ጎማው እስኪቀየር አንድ ሰዓት ሄደ። ቱርሚ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ደግሞ መንገዱን የሚያቋርጠው አሸዋ ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ፍየል የሚተኛበት ደረቅ ወንዝ፣ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ጎርፍ ሞልቶ ጠበቃቸው። እዚህ ጠብታ አልጣለም። ወደ ላይ፣ ተራሮቹ ላይ፣ ያለ ወሩ ዘንቦ ነው።

ሁሉም ወረደ። ሕዝቅኤል ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄደና «ይሻገራል» አለ። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቅ ጀመር። ቦሼ ግን አልተጨቃጨቀም። አንድ ቀጭን እንጨት ሰብሮ ውሃው ያበቃበት አሸዋ ላይ ተከለ።

«ይሄ እንጨት ውሃውን ትቶ ብቻውን ሲቆም እንሄዳለን» አለ። «ከዚያ በፊት የሚሄድ ሾፌር አሳ ነው።»

ሀሌሉያ እንጨቱን ለማየት ወደ ውሃው ወረደች። «እማ፣ ቦርሳዬን እያየሽልኝ» ብላ ከግራር ሥር ትታላት ሄደች።

ተዋበች ቦርሳውን የከፈተችው ሶፍት ፈልጋ ነው። እውነቷን ነው። ከላይ ያለችውን ኪስ ዚፕ ስትከፍት ግን እጇ ያገኘው ፓስፖርቱን ነበር። አዲስ ነው፤ አንድም ገጹ አልተነካም። ፎቶው ላይ ልጇ አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ከአሁኑ ሰው የናቀች ትመስላለች።

ልስረቅ አላለችም። እንዲህ ክፍት ኪስ ውስጥ፣ ሰው በሚጋፋበት አውቶቡስ፣ ላስቀምጥላት አለች። ቀና ብላ አየች፤ ሀሌሉያ ከቦሼ ጋር ቁጢጥ ብላ ውሃ ታያለች። ተዋበች ዞር አለች፣ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ፓስፖርቱን ሆዷ ላይ ከመቀነቷ ሥር ወሸቀችው፣ መልሳም አጠበቀች።

እስከ መቼ እንደምታስቀምጥላት ራሷን አልጠየቀችም። መልሱን ታውቀዋለች። ልጅቷ ቢሮው ድረስ ሄዳ ትፈልገዋለች፣ ታጣዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ይመለሳሉ። ከዚያ አንድ ቀን ከቁም ሳጥን ሥር ይገኛል። ታልቅስ። ያለቀሰ ሰው ቤቱ ይገባል።

እንጨቱ ብቻውን እስኪቆም ሁለት ሰዓት ፈጀ። ቦሼ ቱርሚ ላይ ጎደሬውን ይዞ ሲወርድ ለሀሌሉያ እንጨቱን ሰጣት፤ ነቅሎ ይዞት ነበር። «ኬንያም ወንዝ አለ» አላት። ተዋበች በመንገዱ ሁሉ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ደራርባ፣ ሙቀቱ እንደዚያ እየፈላ፣ አላወለቀችም።

ኦሞራቴ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። ሀሌሉያ ቦርሳዋን ተሸክማ በዚያ ንዳድ እየሮጠች ቢሮው ደረሰች። በሩ ዝግ ነው። ጥላ ሥር የተቀመጠ ዘበኛ ቀና ብሎ አያት።

«ማህተም ከሆነ የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«ማህተሙማ አለ። የሚመታው ነው የሌለው። ሁለት ናቸው። አንዷ ወልዳ አገሯ ሄደች። ተስፋሁን ደግሞ እናቱ ሞተው ትናንት መርዶ ሰማ፤ ያቻት ድንኳን፣ እዚያ ተቀምጧል። እዚህ ቤት ወይ ይወለዳል ወይ ይሞታል።»

ሀሌሉያ ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳው ወደኋላ ጎተታትና ሰማይ ሰማይ እያየች ቀረች። «አለቀ» አለች። አላለቀሰችም። ይህን ተዋበች አልጠበቀችውም።

መድኃኔዓለም ሰምቷታል። መቀነቷ ውስጥ ያለውንም ማንም ሳያውቅ ወደ ኪሱ ትመልሰዋለች፤ ነገሩ በራሱ ፈርሷል፤ እሷ እጇ የለበትም። ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ከድንኳኑ ላይ አልነሳ አለ።

«የሟቿ ስም ማነው?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ያለምወርቅ ሲሉ ሰማሁ።»

«እማ!» ሀሌሉያ ብድግ አለች። «እንዳታደርጊው! እናቱ የሞተችበት ሰው ማህተም አይጠየቅም።»

«ማን ማህተም ጠየቀ? ሰው መሞቱን ሰምቼ በበሩ አልፋለሁ? ምን ብዬ ነው ያሳደግኩሽ?» ነጠላዋን አውልቃ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለበሰችና ሄደች።

ድንኳኑ ሸራ ነው። አራት ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ፤ ሁለት ሴቶች ንፍሮ ያዞራሉ። ማንም አያለቅስም። ሁሉም ከየአገሩ በሥራ ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ያለምወርቅን በዓይኑ ያየ የለም። ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ተስፋሁን ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ጺሙ ያደገ፣ ዓይኑ ግን እንደ በጋ ወንዝ አሸዋ የደረቀ ወጣት ነው።

ተዋበች በሩ ላይ ቆማ ደረቷን ያዘች።

«ያለምወርቅ! ያለምወርቅ እናቴ! ልጅሽን በሰው አገር፣ በበረሃ፣ ያለ ዘመድ ጥለሽው! ማን ነው እህል ቀምሰሃል ወይ የሚለው! ማን ነው ደርሰሃል ወይ የሚለው!»

ማልቀስ ስትጀምር ለወጉ ነበር። ከዚያ ግን ከጠዋት ጀምሮ፣ ኧረ ቦርሳው ከተገዛ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ አብሮ መጣ፤ ማስቆም አቃታት። ሴቶቹ ተነስተው ተቀበሏት። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ጣሉ። ሀብተ ማርያም የሚባሉት፣ የሠራተኛው ዕድር ዳኛ፣ «አክስቱ ደረሱ! ከዚያ ድረስ!» አሉና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ተስፋሁን አክስቱ አለመሆኗን ያውቃል። ቢሆንም አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

ሲረጋጉ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። አሟቸው ነበር?»

«አልነገረችኝም። አራት ዓመት ሆነኝ ካየኋት።»

«አራት ዓመት! ምነው?»

«በደወልኩ ቁጥር መንገዱ ደህና አይደለም፣ ትንሽ ይርጋ፣ ቆይ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እሺ ስላት ደስ ይላታል።» ከፍራሹ ላይ አንድ ክር መዘዘ። «መንገዱ ሳይረጋ ቀረ።»

ተዋበች በገነች። በሟች መብገን ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ምን ዓይነት ነገር ነው! ልጅን ያህል ነገር አራት ዓመት፣ ቆይ፣ ቆይ! አንድ ቀን ና ብትለው ምን ትሆን ነበር? ልትናገር ስትል የፓስፖርቱ ጥግ ጎኗን ወጋት። ተመቻችታ ተቀመጠች። መልሶ ወጋት።

«እማማ፣ እርስዎ ከየት መጡ?» አላት ተስፋሁን።

«ከጂንካ። ልጄን ልሸኝ።»

«ወዴት ትሄዳለች?»

«ኬንያ። ኦሞ የሚያልቅበትን ልታይ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ! አስተማሪ ናት፤ አንድ ተማሪ አይተሽዋል ወይ አላት፤ ይኸው አገር ታምሳለች!»

ተስፋሁን ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና ሰዓቱን አየ። «በዛሬው ፒካፕ ነው? ማህተም አስመትታለች?»

አስመትታለች ብትለው እዚያው ያልቃል። አንዲት ቃል ነች። እሱ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል፣ ሀሌሉያ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፣ አስር ሰዓት ያልፋል፣ ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ጂንካ።

«አላስመታችም» አለች ተዋበች፤ ማንን እንደምትቆጣ ሳታውቅ ተቆጥታ። «ምን ታስመታለች፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ!»

ተስፋሁን ብድግ አለ። ሥራ የተገኘለት ሰው ፊት ነበረው። ሀብተ ማርያም ግን ከእሱ ቀድመው ተነሱ።

«የት? የት! ሐዘንተኛ ሦስቱ ሳይወጣ ከፍራሽ አይነሳም! ምን ሊሉን ነው? ቢሮ ሄደ ሊባል?»

«አንድ ማህተም ነው አባባ፣ አምስት ደቂቃ...»

«አንድም ሰከንድ! ደግሞ አክስትየው፣ በዚህ ሰዓት ማህተም ምን ያደርግልዎታል?»

«አክስት አይደለሁም» አለች ተዋበች። «ቆይ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ላቃተው በሽተኛ ቄሱ ቁርባን ይዘው ቤቱ ይመጡ የለም እንዴ? ከፍራሹ አይነሳ። ማህተሙ ይምጣ።»

ሀብተ ማርያም ይህን የሚከለክል ደንብ ፈለጉ፤ አላገኙም። ቁልፉን ከተስፋሁን ኪስ ወስደው፣ ዘበኛውን አስከትለው፣ ራሳቸው ሄዱ። ሲመለሱ መዝገቡን በብብታቸው፣ ማህተሙን ከነቀለሙ በሁለት እጃቸው፣ ታቦት እንደተሸከመ ሰው ቀስ እያሉ ነበር። ከኋላቸው ሀሌሉያ፣ ከነቦርሳዋ። ቦርሳው በድንኳኑ በር አልገባ ብሎ ሁለት ሰው ገፋላት። ዝቅ ብላ «እግዜር ያጽናህ» አለችና ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ተስፋሁን ባዶውን የንፍሮ ትሪ ገለበጠው፣ መዝገቡን ዘረጋበት፣ የማህተሙን ቀን በጥፍሩ እየገፋ አስተካከለ። «ፓስፖርት» አለ።

ሀሌሉያ የላይኛውን ኪስ ዚፕ ከፈተች። እጇን ከተተች። አወጣች። መልሳ ከተተች።

«እዚህ ነበር።»

ሌላውን ኪስ ከፈተች። ከዚያ ትልቁን ገመድ ፈታችና ያ ሁሉ ጉድ የሐዘንተኛው ፍራሽ ፊት ፈሰሰ፤ ካልሲ፣ ባትሪ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ እናቷ ሳትነግራት የደበቀችው የጸሎት መጽሐፍ፣ እናቷ ሳትነግራት የደበቀችው ሦስት ፓኮ የራስ ምታት ኪኒን፣ የቦሼ እንጨት። ፓስፖርት የለም። ባዶውን ቦርሳ ገልብጣ አራገፈችው።

«ወንዙ ጋ ነበር። ወንዙ ጋ አይቼዋለሁ። እማ፣ ወንዙ ጋ ቦርሳው አንቺ ጋ ሲሆን ማንም አልመጣም? ጥዬው ነው? ጥዬው ነው እኮ!»

ተስፋሁን ማህተሙን በአየር ላይ ይዞ ይጠብቃል። ተዋበች አሁንም ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ልጅቷ ራሷን ትረግማለች፤ ዕድሜዋን ሁሉ ጥዬው ነው እያለች። ደግሞ መንገዱ ደህና አልነበረም ትላለች፤ እናቴ ትክክል ነበረች ትላለች። ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃለች! አሁን ሊመጣ ሲል ግን ደስ አላላትም። የፓስፖርቱ ጥግ ጎኗን ወጋት።

ተነሳች። ፊቷን ወደ ሸራው አዞረችና ሁሉም እያያት ቀሚሷን ገልጣ መቀነቷን ማላላት ጀመረች። ሴቶቹ ወንዶቹን «ኧረ ዞር በሉ!» አሏቸው። ስትመለስ ፓስፖርቱ እጇ ላይ ነበር፤ ሞቋል፣ በላብ ርሷል፣ የሆዷን ቅርጽ ይዞ ጎብጧል። ለልጇ ሳይሆን ለተስፋሁን ሰጠችው።

ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ ቀስ ብሎ «አክስቱ ናቸው ያለው ማን ነበር?» አለ።

ሀሌሉያ እናቷን አየቻት። ያ የፎቶው ፊት ነው፤ አፍ የተገጠመ፣ ዓይን የፈጠጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወንዙ።»

ተስፋሁን ገጹን እፍ እፍ ብሎ አደረቀውና ትሪው ላይ አስደግፎ መታው። ድም አለ። ርጥበቱ ስላልለቀቀ ቀለሙ ዙሪያውን ተሰራጨ።

«ትንሽ ተበላሸ» አለ፣ አዘንብሎ እያየው። «ግን ይነበባል። መልካም መንገድ።»

ሀሌሉያ የፈሰሰውን ሁሉ እየጠቀጠቀች፣ ተዋበች እያቀበለቻት፣ ሳይነጋገሩ ወጥተው ሮጡ። ፒካፑ ሞተሩን አስነስቷል። ላዩ ላይ የሳሙና ካርቶን፣ የውሃ ጄሪካንና ሰባት ሰው አለ። ሀሌሉያ ቦርሳዋን ወደ ላይ ወረወረች፣ አንድ እግሯን ጎማው ላይ አደረገች፣ ከዚያ ቆመች።

«ባይወጣ ኖሮስ? ፓስፖርቱ። ምን ልታደርጊ ነበር?»

«ይዤሽ ልመለስ።»

«ከዚያስ?»

ተዋበች አሰበች። «ከዚያማ አላሰብኩም።»

ሀሌሉያ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «አሁን ጊዜ የለኝም» አለች። «ስመለስ እንጣላለን። በደንብ አድርገን ነው የምንጣላው፣ እማ።»

«እሺ» አለች ተዋበች። «ተመለሺና እንጣላ።»

ልጅቷ ወጣች፣ ካርቶኖቹ መሃል ተቀመጠች፤ ፒካፑ ተንቀሳቀሰ። ያኔ ነው ተዋበች የኋላውን ጎማ ያየችው። እንደ መላጣ ራስ የለሰለሰ ነው፤ አንድ ጥርስ የለውም።

«ሀሌ! ጎማው! የኋላው ጎማ አልቋል! ንገሪው! ሀሌ!»

ሀሌሉያ በሞተሩ ጩኸት ምንም አልሰማችም። እናቷ የተሰናበተቻት መስሏት በአንድ እጇ የቦሼን እንጨት ከፍ አድርጋ አወዛወዘች። አቧራው ሸፈናት።

የመልስ አውቶቡስ ነገ ጠዋት ነው፤ ይወጣል ከተባለበት ሰዓት ቢወጣ። ተዋበች ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ሀብተ ማርያም ማህተሙን ቆልፈው መጥተዋል፤ ሲያዩዋት ቦታ ለቀቁላት። ፍራሹ ጫፍ ላይ ከተስፋሁን አጠገብ ተቀመጠች።

«ሄደች?» አላት።

«ሄደች።»

«መንገዱስ እንዴት ነው?»

«ምን መንገድ አለ ብለህ ነው!» አለችና እጇን ዘርግታ ከንፍሮው ዘገነች።